ፔጆ 404 ፒካፕ፣ ድሬዳዋ፦ ከሞተሩ ይጀመር ወይስ ከዝገቱ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። ሳቢያን ያለው ግቢያችን ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የአጎቴ ፔጆ 404 ፒካፕ ቆማለች። ለድሬና ለሐረር ሰው 404ን ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ሐረር ላይ ታክሲ ሆና ያላሳፈረችው ሰው የለም። ፒካፗ ግን እየጠፋች ነው። አጎቴ በደህናው ጊዜ ከአወዳይ ጫት፣ ከሐረማያ ድንችና ሽንኩርት ሲያመላልስባት ኖሮ፣ ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) ሲያስቸግረው አቆማት። ቤተሰቡ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሊሰጣት ሲል እኔ ይዣት መጣሁ።

ያለችበት ሁኔታ ይህ ነው። የካቢኗ ወለል በሹፌሩ በኩል ተበልቶ መሬት ያሳያል። የሁለቱም በሮች የታችኛው ጠርዝ በጣት ሲነካ ይረግፋል። የጭነት ሳጥኑ ወለል ወንፊት ሆኗል። ፓራፋንጎዎቹ (ከጎማዎቹ በላይ ያሉት ክንፎች) ይሻላሉ፣ ጣሪያዋ ንጹሕ ነው። ሞተሩ አልተቀረቀረም፣ በእጅ ሲያዞሩት ይዞራል። በእጄ ያለው መሣሪያ ግራይንደር፣ የኤሌክትሮድ ብየዳ ማሽንና ክሪክ ነው።

የጠየቅኋቸው መካኒኮች ሁሉ ሞተሩን ቀድመህ አስነሣ ይሉኛል። እኔ ላሜራው (የአካሏ ስስ ብረት) ይቅደም ባይ ነኝ። ይህች መኪና እንደ ላንድክሩዘር ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ወለሉና በበሮቹ ሥር የሚሄደው ባዶ ሳጥን ራሱ ነው ክብደት ተሸካሚው። እሱ ከበሰበሰ የሚነሣው ሞተር ምኑን ይጎትታል? ሐሳባችሁን ስጡኝ።

(መልሶቹ እየበዙ ስለሄዱ ዋና ዋናዎቹን በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር፣ ከዚህ በታች አጠናቅሬያለሁ። ስድቡን ቀንሻለሁ፤ ጨርሼ ግን አላጠፋሁትም፤ አንዳንዱ ቁም ነገር ከስድቡ ጋር ተጣብቆ የመጣ ነው።)

መልስ 1። አዲስ አበባ ሆኖ የጻፈ የድሬ ልጅ ነው። ጥያቄዬን ትቶ ልጅነቱን አነሣ፤ ከዚራ ጥላ ሥር የምትቆም እንዲህ ያለች ፒካፕ ጎረቤታቸው ዘንድ እንደነበረች፣ ከኋላ ሲንጠለጠሉ ባለቤቱ በቀበቶ ያባርራቸው እንደነበር። ፎቶ ላክልን አለ፣ ላክሁ።

መልስ 2። ነምበር ዋን አካባቢ የሚሠራ መካኒክ ፊት ለፊት ተቃወመኝ። የ404 ሞተር የፒስተን ሸሚዞች፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች፣ ውጫቸውን ውሃ የሚነካቸው ዓይነት ናቸው። መኪናው ተራ ውሃ እንደያዘ ለዓመታት ከቆመ ሸሚዙ ከውጭ ይቦረቦራል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ይለቃል፣ ውሃውም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። እንዲያ ከሆነ ላሜራ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ባከነ ማለት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ ይታይ ባይ ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አሉሚኒየም መሆኑንም አስታወሰ፤ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው የድሬ ውሃ እዚያም ውስጥ ያንኑ ይሠራል። ምክሩ ወዲያው በሥራ የሚውል ነበር፦ የዘይቱን መክፈቻ ቡሎን ቀስ ብሎ መፍታት፣ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ስለሆነ፤ ካንዴላዎቹን አውጥቶ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት መጨመርና አሳድሮ በእጅ ማዞር፤ እስከዚያ ባትሪ አለማስገባት።

እንዳለው አደረግሁ። የወጣው ዘይት ብቻ ነው፤ ጥቁር፣ ግን ዘይት። መመርመሩ ትክክል ነው፤ መመርመርና ማደስ ግን ለየቅል ናቸው። አሁንም ላሜራው ይቅደም እላለሁ።

መልስ 3። ባጭሩ ደገፈኝ። ሞተሯ የተነሣ መኪና እንደምትነዳ፣ የምትነዳ መኪና ደግሞ ብየዳ ፊት እንደማትቆም ከራሱ ቮልስ ዋገን አይቷል። ቮልሷ ዛሬም ቀዳዳዋን በምንጣፍ ሸፍና ትዞራለች አሉ።

መልስ 4። እዚህ ላይ ነው ክሩ (ይህ የመልስ ሰንሰለት) ነፍስ የዘራው። የጻፉት የቀድሞው የባቡር ወርክሾፕ የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ባለሙያ የነበሩ አባት ናቸው። በትሕትና ጀመሩ፣ ሁላችንንም ልጆቼ እያሉ። ሞተር ይቅደም ላሜራ ይቅደም የምትለው ክርክር ከሁለተኛው ደረጃ የተነሣች እንደሆነች ጻፉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ውሃው ከየት ገባ ነው። ድሬ ደረቅ አገር ነው፤ የባሕር ጨው የለበትም፣ ዝናቡም በወቅቱ መጥቶ ይሄዳል። ድሬ ቆሞ የበሰበሰ ብረት ካየህ አንድ ሰው ወይም አንድ ቀዳዳ ሲያጠጣው ኖሯል ማለት ነው። ጣሪያዋ ንጹሕ ሆኖ ወለሏ መበላቱ ራሱ ምስክር ነው፤ ውሃው ከላይ አልዘነበም፣ ከታች ነው የተኛው።

ከዚያ ጥያቄ አወረዱ። ምን ጭና ነበር? ጫት ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጫት እንዳይጠወልግ ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል፣ ከአወዳይ ድሬ እስኪደርስ ሲንጠባጠብ ይመጣል። ያ ውሃ በሳጥኑ ወለልና በካቢኑ ጀርባ መካከል ባለው ስንጥቅ ገብቶ አቧራውን ጭቃ ያደርገዋል፣ ጭቃውም እርጥበቱን ይዞ ይከርማል። በሮቹ ሥር ያሉት ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችስ ክፍት ናቸው ወይስ ባለፈው ቀለም ጊዜ ተደፍነዋል? የመስተዋቱ ጎማ ከታች በኩል ተሰንጥቋል? ከወለሉ ላይ ምንጣፍ ወይም ስፖንጅ ነበረ? እነዚህን ሳትመልስ አዲስ ላሜራ ብትበይድ ለዝገት አዲስ ቀለብ ሰፈርክለት ማለት ነው ብለው ዘጉ።

ወጥቼ አየሁ። የሁለቱም በሮች ቀዳዳዎች በቀለምና በአቧራ ተደፍነዋል። በሽቦ ስወጋው የግራው በር ዝገት የቀላቀለ ዱቄት ተፋ። እኔ ሞተርና ላሜራ ስል እኚህ ሰው መኪናዋን ሳያዩ በሽታዋን አውቀዋል።

መልስ 5። ስሙን ደቻቱ ብሎ በከተማችን ወንዝ የሰየመ ሰው መልስ 4ን ጠቅሶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመረ፦ በ1998ቱ ጎርፍ ጊዜ የት ነበረች? አክስቴን ጠየቅሁ። ገንደ ቆሬ፣ ከወንዙ ብዙም ሳትርቅ ቆማ ነበር፤ ውሃው ጎማዋን አልፎ ወጥቶ ነበር አለችኝ። ይህን ስጽፍ ሰውየው በበሮቹ ሥር ያለው ባዶ ሳጥን ደለል ይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሥሩ በትንሹ ተከፍቶ ይታይ አለ። ስከፍተው የደረቀ ደለል እንደ ሲሚንቶ ተጋግሮ ወጣ፤ ጆንያ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

መልስ 6 እና 7 ስለ መኪና አይደሉም። በጎርፉ ሌሊት ደቻቱ የወሰደባቸውን ዘመዶች ያነሡ ሰዎች ናቸው። እዚህ አላጠቃልላቸውም፤ ክሩን ገብታችሁ አንብቡት።

መልስ 8። ወደ ሥራው መለሰን። ትንንሽ ዕቃዎችን፣ ማጠፊያ፣ ቡሎንና ዳዶ፣ የበር እጀታ ውስጡን፣ አቼቶ ውስጥ አሳድሮ በሽቦ ብሩሽ መፈተግ በቂ ነው አለ። ከዚያ በሶዳ ውሃ ማጠብና ወዲያው ማድረቅ ግድ ነው፤ አለዚያ አሲዱ እላዩ ላይ ቀርቶ ብረቱ ቡና ሳይፈላ መልሶ ይቀላል።

መልስ 9። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ ያለ ልጅ ለትልልቁ ዕቃ የኤሌክትሪክ ዘዴ አቀረበ። በፕላስቲክ በርሜል ውሃ ተሞልቶ የማጠቢያ ሶዳ ይበጠበጥበታል፤ የባትሪ ቻርጀር ነጌቲቩ በዛገው ዕቃ ላይ፣ ፖዘቲቩ በሌላ ቁራጭ ብረት ላይ ይታሰራል። ዝገቱ ደህናውን ብረት ሳይነካ ይለቃል። ሶዳ ካልተገኘ የወጥ ጨው ይሠራል፣ ለፖዘቲቩ ደግሞ የማይዝግ የኩሽና ብረት ይመረጣል ብሎ ጨረሰ።

መልስ 10። እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። ኬሚስትሪ አስተማሪ መሆኑን የገለጸ ሰው ልጁን በደንብ ወቀጠው። ጨው ከገባ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የማይዝግ ብረት ፖዘቲቭ ላይ ከታሰረ ውስጡ ያለው ክሮሚየም በመርዛማ መልኩ ውሃው ውስጥ ይቀላቀላል፤ ያ ውሃ የት ሊደፋ ነው? ሌላም አለ፤ ከነጌቲቩ የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅን ስለሆነ ሥራው ደጅ ላይ እንጂ በተዘጋ ክፍል አይሆንም፣ ሽቦውም ቻርጀሩ ሳይጠፋ አይነቀልም፣ ብልጭታ ይበቃዋልና። ልጁን ያላየኸውን አታስተምር አለው። ልጁ አመሰገነ፣ ጽሑፉንም አረመ። አስተማሪው ልክ ነው፤ አነጋገሩ ግን ክፍል ውስጥ የቆመ ይመስል ነበር።

መልስ 11። ቀለም ቀቢ ነው፣ መጋላ በኩል የሚሠራ። ይህ ሁሉ ቀልድ ነው አለ። የበሩ ሥር ፋይበር ይለጠፋል፣ ስቱኮ ይመታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፣ ይቀባል፤ ማን ጎንበስ ብሎ ያያል?

መልስ 12። ገዝቶ የተቃጠለ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። እንዲህ የተሠራች ሚኒባስ በገዛ በዓመቱ ስቱኮው እንደ ቂጣ ተነሥቶ በእጁ እንደቀረ ጻፈ። ስቱኮ ራሱ እርጥበት ይመጥጣል፤ ከሥሩ ዝገት ካለ ሥራውን ይቀጥላል፤ ላዩ ሲያብረቀርቅ ውስጡ ያልቃል። ከዚያ ቀለም ቀቢውን ሌባ አለው።

መልስ 13። ቀለም ቀቢው መለሰ፣ ተናድዶም ቢሆን የሚሰማ ነገር ነበረው። ደንበኛው የሁለት በር ላሜራ ለማስቀየር ሒሳቡን ሲሰማ ይሄዳል፤ በስቱኮው ዋጋ ሲስማማ ይቀመጣል። ያልሸሸገውን ነገር እንዴት ሌባ ያሰኘዋል? አቦ፣ መኪናውን ለገዢ ሲሸጥ የደበቀው ባለቤቱ እንጂ እኔ አይደለሁም አለ።

ይህን ጭቅጭቅ አራት አምስት መልስ ተከትሎታል፣ ቁጥራቸውን ዘልያለሁ። እኔ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ እወስዳለሁ። ስቱኮ ኃጢአት የለበትም፤ ቦታው ግን ጤነኛ፣ የጸዳ፣ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ) የተቀባ ብረት ላይ ነው፣ ያውም ስስ ሆኖ። ቀዳዳ መድፈኛ ሲሆን ነው የሚያጣላው። እና ክፍት አሳድረው በማግስቱ ጠዛ የነካውን ስቱኮ የሚቀቡ ሁሉ ቀለሙ ሲያብጥ በቀለሙ ፋብሪካ ያማርራሉ።

መልስ 18። ብየዳ ላይ ገባን። የመኪና ላሜራ አንድ ሚሊ እንኳ አይሞላም፤ የእኔ የኤሌክትሮድ ማሽን ካልተጠነቀቅሁ ይበሳዋል። ጸሐፊው፣ መልካ ጀብዱ የሚሠራ በያጅ፣ የሽቦ ብየዳ ወይም በጋዝ በቀጭን ሽቦ መበየድን መረጠ። በምንም ቢሆን መስመር መጎተት የለም፤ አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንዱ ከማዶ፣ ብረቱ እስኪበርድ ሌላ ቦታ፤ አለዚያ ላሜራው ይጣመማል። የተበላው ዳር ድረስ ሳይሆን ደህናው ብረት እስኪገኝ ይቆረጥ አለ። ያረጀ ብረት ላይ አዲስ ሲበየድ ነጥቡ ይዞ ዙሪያው ይቀደዳል። ሻንሲ ቁጥር ያለበትን ላሜራ ግን አትንካ፤ ከሊብሬው ጋር የሚመሳከረው እሱ ነው።

መልስ 19። የበርሜል ላሜራ ለወለል ይስማማል ብሎ ምስክርነት ሰጠ፤ ውፍረቱም ቅርብ ነው። መልስ 20 ወዲያው አስጠነቀቀ፦ ነዳጅ የነበረበት በርሜል ባዶ ሲሆን ነው የሚገድለው፤ ቤንዚኑ ሳይሆን ትነቱ ነው የሚፈነዳው። የመኪናዋም ታንክ እንዲሁ። መልስ 21 ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ አትበይድ አለ፤ ጭሱ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል።

መልስ 22። ታዲያ ወተት ይጠጣበታ አለ አንዱ።

መልስ 23 እስከ 27። ወተት። ሙሉ አምስት መልስ። የድሬ በያጆችና ቀለም ቀቢዎች ግማሽ ሊትር ወተት የደመወዝ አካል አድርገው የሚያዩት ጉዳይ ነውና ማንም ዝም ሊል አልቻለም። አስተማሪው (መልስ 10) ተመልሶ መጣና ጭስ የሚገባው ሳምባ፣ ወተት የሚወርደው ሆድ መሆኑን አስረዳ። ወተት ለጤና ጥሩ ነው፣ ጭስን ግን አያጥብም፤ መድኃኒቱ ደጅ መሥራት፣ ነፋሱን ከጀርባ ማድረግና ለብየዳ ጭስ የሚሆን ማስክ ነው። በያጁ (መልስ 18) ሠላሳ ዓመት ጠጥቼ ሠርቻለሁ አለ። አስተማሪው ሠላሳ ዓመት ስላስሳልክበት ግን አልጻፍክም አለው። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁለቱ በግል ይጨርሱት።

መልስ 28። ከሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ አባቷ በ404 ታክሲ ያሳደጓት እህታችን ጻፈች። ከክሩ ሁሉ ሞተር ነክ ምክር የያዝኩት የእሷን ነው። የ404 የኋላ ዲፈረንሻል እንደሌላው መኪና ጥርስ በጥርስ አይደለም፤ ጠመዝማዛ የብረት ዘንግ የነሐስ ጎማ የሚያዞርበት ነው። ለዘመናዊ ዲፈረንሻል የሚሸጠው፣ ሰልፈር ያለበት ወፍራም ዘይት ነሐሱን ይበላል። ካምቢዮው ደግሞ የካምቢዮ ዘይት አይጠጣም፤ ፋብሪካው ያዘዘለት የሞተር ዘይት ነው። አባቷ ለማያውቃቸው ጋራዥ መኪናቸውን ሰጥተው የማያውቁት በዚህ ምክንያት ነበር። የአጎቴ ካምቢዮ ማስቸገሩን ከመነሻ ጽሑፌ አንብባ፣ ምን ዘይት እንዳለበት እንዳይ ነገረችኝ።

መልስ 29። ዘጠና ዘይት (ያው ወፍራሙ የዲፈረንሻል ዘይት) ዘጠና ነው፣ ሴት ልጅ ደግሞ ስለ ዲፈረንሻል ምን ታውቃለች አለ አንዱ።

መልስ 30። መልስ 4ን የጻፉት አባት ናቸው፣ በዚህ ጊዜ ልጆቼ አላሉም። ነሐስና ሰልፈር እንደማይስማሙ ወርክሾፕ ውስጥ በገዛ እጃቸው እንዳዩ፣ እህታችን የጻፈችው እያንዳንዱ ነገር ልክ እንደሆነ፣ የ29ኙ ጸሐፊ ይቅርታ ቢጠይቅ እንደሚያምርበት ጻፉ። አልጠየቀም። ከክሩ ወጣ።

እኔ ካምቢዮውን ከፈትሁ፤ የወረደው እንደ ሬንጅ የወፈረ ነገር ነው። አጎቴን ለዓመታት ማርሽ አልገባ ያለው ምናልባት ይኸው ይሆናል፤ የሞተር ዘይት ሞልቼ ስናይ ይለያል።

መልስ 31 እስከ 36። መንገድ ስተን ሄድን። ፔጆ ይሻላል ቶዮታ? 404 በ1960 በፈረንጆች አቆጣጠር መውጣቷ፣ የምሥራቅ አፍሪካውን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ማሸነፏ ተጠቀሰ። የቶዮታው ወገን ታዲያ ዛሬ የት አለች አለ። የደንገጎን ዳገት በሙሉ ጭነት የሚወጣ 404 ውሃ ያፈላ ነበር ወይስ አያፈላም በሚለው ላይ የሐረርና የድሬ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንድ አዋቂ የ404 ፋን በኤሌክትሮማግኔት እየተያዘ እንደሚለቀቅ፣ ብዙ ሹፌር መያዣው ሲበላሽበት ፋኑን ሁልጊዜ እንዲዞር አድርጎ ያስረው እንደነበር ጨመረ። የእኔም ታስሯል። ለወንበር ልብስ፣ ሐረር መኪና ግርግር ሰፈር ወዳሉት ልብስ ሰፊዎች ውሰደው ያለም ነበር፤ ቀሚስ ሰፍተውልህ ይመልሱሃል ተባለ።

መልስ 37። ቀለም። ከድሮው ቀለሟ የተለየ ከመረጥሁ ሊብሬው ላይ መቀየር እንዳለበት፣ አለዚያ ዓመታዊ ምርመራ ላይ እንደሚያስቆመኝ አሳሰበ። በድሬ ሙቀት ደግሞ ቀትር ላይ የሚረጭ ቀለም ብረቱን ሳይነካ አየር ላይ ይደርቃል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ያመጣል፤ ንጋት ላይ፣ ወለሉን ውሃ አርከፍክፎ ይረጭ። ለጊዜው ሩቅ ነኝ፤ ግን ጽፌ ይዣለሁ።

መልስ 38። በያጁ (መልስ 18) ተመልሶ ጋዝ ማሽኑን ይዞ ቅዳሜ ሊመጣ እንደሚችል ጻፈ። የእጅ ዋጋ አልጠየቀም፤ ኦክሲጅኑን ግዛ፣ ምሳ አብላኝ አለ። ቅድመ ሁኔታ ግን ደረደረ፦ የቤንዚን ታንኩ ከመኪናዋ ብቻ ሳይሆን ከግቢው ይውጣ፤ ባትሪ አይኑር፤ የወለሉ ላሜራ በካርቶን ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ በሁለቱም ፊት ጸድቶ ይጠብቀው፤ ባልዲ ውሃና አሸዋ አጠገቡ ይቀመጥ። ወተቱን ራሱ ይዞ ይመጣል።

መልስ 39። አባታችንም እመጣለሁ አሉ፣ ጠዋቱ ሳይሞቅ። ከወለሉ በፊት በሮች እንዳይፈቱ አዘዙኝ። በበሮቹ ሥር ያለው ሳጥን ሲቆረጥ ካቢኑ ሳይታወቅ ይወርዳል፤ በሩ ተሰቅሎ እያለ ግን በየነጥቡ ከፍቶ እየዘጉ ክፍተቱን ማየት ይቻላል። መኪናዋ በክሪክ ላይ ሳይሆን በአራት እኩል መቆሚያ ላይ ትቀመጥ፣ የካቢኑም ወርድ በውስጥ በብረት ቱቦ ይወጠር ብለዋል።

ታንኩ ወጥቶ ጎረቤት ተቀምጧል። ካርቶኑ ተቆርጧል፣ በሮቹ እንደተሰቀሉ ናቸው። የጎደለኝ ኦክሲጅኑ ነው፤ ድሬ ውስጥ በደህና ዋጋ የሚሞላበትን ቦታ የሚያውቅ መልስ 40 ላይ ይጻፍልኝ።